ሰውን በቍጥር ስለ መመዘን

በምዕራብ ጐንደር ቆላ ሰሊጥ የሚሰበሰብበት ወራት ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ እስከ ኅዳር ነው። ሰሊጥ ቀን የማይሰጥ እህል ነው፤ ጥቂት ቢዘገዩበት ፍሬውን የያዘው ቅርፊት በራሱ እየተከፈተ ዘሩን መሬት ላይ ያረግፈዋል። ስለዚህ በመተማና በቋራ የሚያርሱ ባለ እርሻዎች ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ ዐይናቸው እስኪፈዝ ይጠብቃሉ። ሰሊጡ ታጭዶ፥ ታስሮ፥ በእርሻው ላይ ቆሞ ከደረቀ በኋላ ይራገፍና በጆንያ ተሞልቶ ወደ መጋዘን ይሄዳል። በመጋዘኑም መርማሪው ከጆንያው ናሙና ያወጣል። ናሙናው እንደ ደንቡ የባለቤቱ ስም ሳይታወቅ በምልክት ብቻ ይቀርባል፤ ባዕድ ነገሩ፥ እርጥበቱና መልኩ ይታይና ደረጃ ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የዚያ ቆላ ሰሊጥ በደረጃው ቍጥር እየታወቀ፥ ገዢው አዲስ አበባ ተቀምጦ ዘሩን በዐይኑ ሳያይ ሊገዛው ችሏል።

ይህን ሥርዓት የሚነቅፍ ሰው ቢኖር የሚነቅፈው አፈጻጸሙን እንጂ አሳቡን አይደለም። ሰሊጡ ሦስተኛ ቢባል አያፍርም፤ አንደኛ ቢባልም አይታበይም። ደረጃውን ሰምቶ ራሱን የሚያሻሽል ወይም ተስፋ የሚቈርጥ ዘር የለም። ጥያቄ የሚነሣው ያው ሚዛን ከእህሉ ዘወር ብሎ እህሉን ወዳጨደው ሰው ሲመጣ ነው።

በዚያው ወራት ጧት ጧት የቀን ሠራተኞች በከተማው አደባባይ ይቆማሉ፤ ቀጣሪውም በመካከላቸው ሲያልፍ ትከሻቸውንና መዳፋቸውን ይመለከታል። ቆላውን የለመደውንና ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞረ የሚኖረውን ሠራተኛ ሳሉግ ይሉታል፤ ትናንት ከደጋ የወረደውን ግን በሌላ ዐይን ያዩታል። ይህም መመዘን ነው፤ ቍጥሩ ብቻ ነው ያልተጻፈ። ቢጻፍስ? ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ለጕልበቱ ይህን ያህል፥ ለፍጥነቱ ይህን ያህል፥ ለትዕግሥቱ ይህን ያህል ተብሎ በግንባሩ ላይ ቢለጠፍለት፥ ፍርዱ ይቀናል ወይስ ይጠማል?

ነገሩ ከንቱ ግምት እንዳይመስል፥ ይህ የተደረገበት ስፍራ አለ፤ ስፍራውም የልጆች ጨዋታ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ፕሌይ ስቴሽን ቤት የሚባል የጨዋታ ቤት አለ። ወጣቶች ጥቂት ብር እየከፈሉ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ እግር ኳስ ይጫወታሉ፤ በመስኮቱ ላይ የሚሮጡት የአውሮፓ ተጫዋቾችም እያንዳንዳቸው ከ99 የማያልፍ የብቃት ቍጥር አላቸው። አባቱ ኢትዮጵያዊ የኾነው የቼክ ተጫዋች ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ በጀርመን አገር በቬርደር ብሬመን በነበረበት ጊዜ በዚያ መዝገብ ውስጥ ቍጥር ነበረው። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ላነሣው ለጐንደሩ ፋሲል ከነማ ግን ቍጥር የለውም፤ የኢትዮጵያ ሊግ በመዝገቡ አልገባምና። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ በወሰደች ጊዜ የመጨረሻውን ጐል ያገባው መንግሥቱ ወርቁም በዘመኑ ያዩት ሰዎች ከሚናገሩለት በቀር ቍጥር አልተጻፈለትም። በዚያ ቤት ያደገ ልጅ ቍጥር የሌለውን ሰው ዋጋ እንደሌለው አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ይህ ልማድ ከኹሉ ይልቅ ተራቅቆ የሚታየው ግን አሜሪካኖች ፉትቦል በሚሉት ጨዋታ ነውና፥ ነገሩን ከዚያ መርምሮ ወደ ቆላው መመለስ ይሻላል። (የአሜሪካው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፈዋል።)

የአሜሪካኖች ፉትቦል በየወገኑ 11 ሰው ኾኖ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ በመሮጥ፥ በመወርወርና ባላጋራን በሰውነት ገፍቶ በመጣል የሚሠራ ብርቱ ጨዋታ ነው። ጆን ማደን የተባለው አሠልጣኝ የኦክላንድን ቡድን መርቶ በጥር 1977 የአገሩን ታላቅ ዋንጫ አገኘ፤ ከአሠልጣኝነቱ ከወጣ በኋላም በቴሌቪዥን ጨዋታውን ለሕዝብ የሚያስረዳ ኾነ። በ1984 ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የካሊፎርንያ ኩባንያ መሥራች ትሪፕ ሆኪንስ ስሙን ለኮምፒዩተር ጨዋታ እንዲሰጥ ጠየቀው። ንግግራቸው በባቡር ላይ ነበር፤ ማደን በአውሮፕላን መሄድ ይፈራ ነበርና። የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር አቅሙ ደካማ ስለ ኾነ በየወገኑ ስድስት ወይም ሰባት ሰው ብቻ ይኹን ቢሉት፥ 11 ካልኾነ እውነተኛ ፉትቦል ስላልኾነ ስሙን አልሰጥም አለ። በዚህ ምክንያት ሥራው ዓመታት ፈጅቶ በ1988 ወጣ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ በየዓመቱ እየታደሰ የሚሸጥ ኾነ። ሰው ስሙን በአንድ ነገር ላይ ማስጻፉ ስለዚያ ነገር መመስከሩ እንደ ኾነ ያ አሠልጣኝ ያውቅ ነበር። ይህ ነገር ኋላ ያስፈልጋልና አንባቢው አይርሳው።

በጨዋታው ውስጥ ያሉት ተጫዋቾች በሕይወት ያሉ እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ፍጥነታቸው፥ ጕልበታቸው፥ ኳስ አያያዛቸው፥ የውርወራቸው ትክክለኛነት፥ ንቃታቸው እንኳ ሳይቀር እየተከፈለ ለእያንዳንዱ ቍጥር ይሰጣል። ከእነዚህም ኹሉ እንደ ተሰለፉበት ቦታ እየተመዘነ አንድ ጠቅላላ ቍጥር ይወጣል፤ ጫፉ 99 ነው። ወደዚያ የደረሱት ጥቂቶች እንደ አንድ ማኅበር ተቈጥረው ስማቸው ይታወጃል። የውድድሩ ወራት ሲኾን ቍጥሩ በየሳምንቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ተጫዋቾቹም በአደባባይ ይከራከሩበታል። ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ጐልማሳ ፍጥነቴ በሁለት ነጥብ ተቀነሰ ብሎ ሲቈጣ ማየት ያስቃል። ነገር ግን ሰው እንደ ሰሊጥ ስላይደለ፥ ስለ እርሱ የተባለውን ይሰማል፤ ሰምቶም ይለወጣል። ሐሰት የኾነ ቍጥር እንኳ ብዙ ጊዜ ቢነገረው ሊያምነው፥ ካመነውም እንደ ቍጥሩ ሊኖር ይችላል።

ለቍጥር የሚሟገት ሰው እዚህ ላይ የሚለው አለው፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ቍጥር ከመምጣቱ በፊት የነበረው ሚዛን ምን ነበር? ነጋዴው እጁን በጆንያው ውስጥ ከትቶ ዘሩን በመዳፉ ዘርዘር አድርጎ አይቶ የፈቀደውን ዋጋ ይጠራ ነበር፤ ገበሬው የሚከራከርበት ነገር አልነበረውም። በአደባባይ የቆመውም ሠራተኛ የሚመረጠው በአገር ልጅነትና በመልክ ነበር። ስሙ ተሸፍኖ በምልክት የሚቀርብ ናሙና ግን ዘመድ የለውም። ቍጥር ፊት አያይም፤ ጕቦም አይቀበልም። ይህ እውነት ነው፤ ይህን የካደ ሰው በዘመድ አዝማድ የሚደረገውን ግፍ ያልቀመሰ ነው።

ይሁን እንጂ ፊት የማያይ ኹሉ ነገር ያያል ማለት አይደለም። በ2000 የአሜሪካ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ ቶም ብሬዲ የተባለው ወጣት የተመረጠው 198 ሰዎች ካለፉ በኋላ ነው። ሩጫው ተለክቶ፥ ዝላዩ ተመዝኖ ነበር፤ ልኩም ሐሰት አልነበረም፤ በእውነት ቀርፋፋ ሯጭ ነበር። ያ ሰው ግን ሰባት ጊዜ ታላቁን ዋንጫ ወሰደ፤ በኋላም የዚሁ የማደን ጨዋታ መሸፈኛ ላይ ሥዕሉ ወጣ። ያልተለካው ነገር ምን እንደ ነበረ ዛሬ ኹሉም ዐዋቂ ነኝ ብሎ ይናገራል፤ በዚያ ቀን ግን የተናገረ አልነበረም።

የነገሩ ሥር ያለው ግን በስሕተቱ አይደለም፤ ዐይንም ይሳሳታልና። ቍጥር በባሕርዩ ምስክርነት ነው። አንድ ሰው አይቶ፥ ፈርዶ የተናገረው ቃል ነው። ከሌላው ምስክርነት የሚለየው ምስክሩ የተሰወረ በመኾኑ ነው። እገሌ ፈሪ ነው የሚል ሰው ቢገኝ፥ የት አየኸው፥ ምን ቂም አለህ ተብሎ ይጠየቃል። የእገሌ ንቃት 61 ነው የሚል መዝገብ ግን ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ከኋላው በወንበር ተቀምጦ የፈረደ ሰው እንዳለ፥ ያም ሰው በዚያ ቀን ደክሞት ወይም ያንን ተጫዋች ሁለት ጊዜ ብቻ አይቶት እንደ ኾነ ቍጥሩ አይናገርም።

የጐንደር ሊቃውንት በዚህ ነገር የተለየ ልማድ አላቸው። ድጓ የተማረ ሰው በየትም አገር ይማር፥ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ አቋቋም የተማረም ወደ ጐንደር በዓታ ይሄዳል። እነዚህ ቦታዎች ምስክር ቤት ይባላሉ። ከዚያ የሚወጣው ሰው የሚይዘው ነጥብ የለም፤ የሚይዘው የመምህሩን ስም ነው። ከማን አስመሰከርህ ሲሉት ስም ጠርቶ ይመልሳል። መምህሩም ያላወቀውን ሰው ዐወቀ ቢል ሐፍረቱ በራሱ ላይ ነው፤ ተማሪው በማኅሌት መካከል በተሳሳተ ቍጥር የሚጠራው የእርሱ ስም ነውና። በዚህ ሥርዓትም አድልዎ ሊገባ ይችላል፤ የገባ እንደ ኾነ ግን ማን እንዳደላ ይታወቃል።

በአንጻሩ ምስክሩ የማይጠየቅበት ግምት ሕዝብን እንዴት እንደሚያስመርር የአገሩ ታሪክ ያሳያል። በቀድሞው ዘመን የአሥራት ገማች በእርሻው ዳር ቆሞ ገና ያልታጨደውን እህል በዐይኑ ይገምት ነበር፤ ገበሬውም ከገመቱት በታች ቢያገኝ የሚከፍለው በገመቱት ነበር። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ግብር ሲተካ የጎጃም ገበሬዎች ገማቾቹን አናስገባም ብለው ተነሡ፤ ጦር ተልኮባቸው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ መንግሥት ውዝፉን ግብር ማረ። የዚያ ዐመፅ ምክንያት ብዙ ነው። ሰው ሳይጠይቀው ገብቶ የሚገምተውን እንግዳ የሚጠላ መኾኑ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ መኾኑ አይካድም።

ወደ ጨዋታው እንመለስ ቢባል፥ በ2005 በማደን ጨዋታ ላይ የተደረገው አንድ ለውጥ ከብዙ የፍልስፍና መጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል። ኳሱን የሚወረውረውን መሪ ተጫዋች ኳርተርባክ ይሉታል። በዚያ ዓመት ከኳርተርባኩ ፊት እንደ ፋኖስ ብርሃን ሰፍቶ የሚወጣ የእይታ ክልል ተሠራለት፤ ኳሱን በትክክል ሊወረውር የሚችለው በዚያ ብርሃን ውስጥ ላለ ጓደኛው ብቻ ነበር። የብርሃኑም ስፋት የሚለካው በንቃት ቍጥሩ ነው። ቍጥሩ ከፍ ያለው እንደ ፔይተን ማኒንግ ያለ ተጫዋች ሜዳውን ከሞላ ጐደል ያየዋል፤ ቍጥሩ ዝቅ ያለው ግን በቀጭን ጭላንጭል ውስጥ ይኖራል። በጨዋታው የተቀመጠው ልጅ ራሱ በቴሌቪዥኑ ላይ ጓደኛው ለብቻው ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ እያየ፥ ተጫዋቹ ግን እንዳላየ ይቈጠርበታል። ብዙ ሰው ስለ ጠላው ያ ሥርዓት ከጥቂት ዓመት በኋላ ተተወ።

ሕዝቡ የጠላው ጨዋታው ስለ ከበደው ነው እንጂ ተፈላስፎ አይደለም። ነገር ግን የተሠራው ነገር ምን እንደ ኾነ ልብ ማለት ይገባል። ቍጥሩ አስቀድሞ ሰውየው ምን ያህል እንደሚያይ የሚናገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንዲያይ እንደሚፈቀድለት የሚወስን ኾነ። ወሬ የነበረው ሕግ ኾነ። ከመስኮቱም ውጭ እንዲሁ ይደረጋል፤ ልጁ ደካማ ነው ተብሎ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፥ ከኋላ ስለ ተቀመጠም ሰሌዳው አይታየውም፥ ስላልታየውም ደካማ ይኾናል፤ መዝገቡም ትክክል ነበር ይባላል። ከደጋ የወረደው ሠራተኛ አያውቅም ተብሎ አረም ብቻ ሲነቅል ከከረመ ሰሊጥ ማሰርን ከየት ይማረዋል?

ደግሞም ከፍ ያለ ቍጥር ሰውየውን ሊተወው ይችላል። በነሐሴ 2003 የወጣው ጨዋታ መሸፈኛው ላይ የአትላንታው ማይክል ቪክ ነበረ። ፍጥነቱ ከ99 95 ተብሎ ስለ ተጻፈ፥ በኳርተርባክ ቦታ የቆመ ሰው እንዲህ ሲሮጥ የሚይዘው ጠፍቶ ጨዋታው ራሱ ተበላሸ እስኪባል ደረሰ፤ እስከ ዛሬም ይተረክለታል። በዚያው ወር እውነተኛው ማይክል ቪክ እግሩ ተሰብሮ ተኛ። በየቤቱ ሥዕሉ ማንም ሳይደርስበት ሲሮጥ ሰውየው በክራንች ያነክስ ነበር። ቍጥሩ በየሳምንቱ የሚታረም መኾኑ ለሠሪዎቹ ምስጋና የሚገባው ነው፤ መታረሙ ግን በየሳምንቱ የሚደገም ኑዛዜ ነው። ባለፈው ሳምንት 88 ተብሎ የነበረው ዛሬ 85 ከተባለ፥ ወይ ሰውየው ተለውጧል ወይ ፈራጁ ተሳስቷል፤ መዝገቡ ከሁለቱ የትኛው እንደ ኾነ አይናገርም።

ኩባንያው በየዓመቱ ከታላቁ የዋንጫ ቀን አስቀድሞ ሁለቱን ቡድኖች በቍጥራቸው አጋጥሞ አሸናፊውን ይተነብያል። በ2015 ኒው ኢንግላንድ ሲያትልን 28 ለ24 ያሸንፋል አለ፤ ውጤቱም ሳይዛነፍ 28 ለ24 ኾነ። ሰውም ተደነቀ። በፊተኛው ዓመት ግን ዴንቨር በጥቂት ነጥብ ልዩነት ሲያትልን ያሸንፋል ብሎ ነበር፤ ሲያትል 43 ለ8 አሸነፈ። በመተማ ያለ ሰው ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገውም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከድርቡሾች ጋራ በዚያ በገጠሙ ጊዜ የኢትዮጵያ ጦር የጠላትን አጥር ጥሶ ገብቶ ነበር፤ ሠራዊቱንና መሣሪያውን ቈጥሮ የሚተነብይ ሰው በዚያች ሰዓት ቢኖር ድሉን ለማን ይሰጥ እንደ ነበረ ግልጥ ነው። አንዲት ጥይት ንጉሡን አገኘች፤ ድሉም ተበተነ። ከተማይቱ መተማ ዮሐንስ የምትባለው በዚያ ቀን ምክንያት ነው።

ከኹሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ለውጥ ግን ስለ ጕዳት የተደረገው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ ጨዋታ አንድ ተጫዋች ሲጐዳ አምቡላንስ ወደ ሜዳው እየከነፈ ገብቶ በመንገዱ የቆሙትን ተጫዋቾች እየገጨ ይጥል ነበር። ይህ ለሣቅ የተሠራ ነው፤ ልጆችም ሥቀውበታል። በእውነተኛው ሜዳ ግን ራሳቸውን ተመትተው አእምሯቸው የተናወጠ ሰዎች ወዲያው ተነሥተው ሲጫወቱ ኖረው በስተርጅና አሳባቸውን እያጡ መሞታቸው እየታወቀ መጣ። በ2011 በወጣው ጨዋታ ራሱን ተመትቶ አእምሮው የተናወጠ ተጫዋች በዚያ ቀን ወደ ሜዳ እንዳይመለስ ተደረገ፤ ልጁ ምንም ቢፈልግ፥ ተጫዋቹም 99 ቢኾን አይመለስም፤ ምክንያቱም በጨዋታው መካከል በድምፅ ይነገራል። ማደን ይህን ለውጥ ደግፎ ልጆች ከጨዋታው ሊማሩት ይገባል ብሎ ቆመ። ስሙን በሰጠበት ነገር ላይ ሁለተኛ መመስከሩ ነበር፤ በታኅሣሥ 2021 ሞተ።

በዚህ ሕግ ቍጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰውየው ታዘዘ። እስከዚያ ቀን የተጐዳ ተጫዋች የተቀነሰ ቍጥር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምንም ያህል ቢጠቅም የማይነካ ሰው ኾነ።

በመተማ ቆላ ዋልካው መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁና በግራር ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብም ካላዛር የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ከኹሉ ይልቅ የሚያገኘው በሽታውን ያልለመደውን፥ ከደጋ የወረደውን፥ በእርሻው ላይ ሜዳ የሚያድረውን ሠራተኛ ነው። ትኩሳቱ ይመላለሳል፥ ሆድ ያብጣል፥ ሰውነት ይከሳል፤ ካልታከመ ይገድላል። ሕክምናው በመተማ ሆስፒታልም በጐንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ይገኛል፤ በየቀኑ እየተወጉ ሳምንታት መቈየት ግን ያስፈልጋል። ክፍያው ባጨደውና ባሰረው መጠን የኾነ ሰው በኅዳር መካከል፥ ሰሊጡ በሚረግፍበት ሳምንት፥ ያን ያህል ቀን ከእርሻው ቢወጣ የሚቀርበትን እርሱ ራሱ ከማንም ይልቅ አጥርቶ ያሰላዋል። ቀጣሪውም ያሰላዋል። ስለዚህ ጧት ሲጠሩት ትኩሳቱን ደብቆ ይነሣል፤ የእርሻው ተቈጣጣሪም ትናንት ካሰረው ያነሰ ማሰሩን አይቶ በመዝገቡ ላይ ቍጥሩን ይጽፋል።